በእማማ አሚናት ቤት የተበላው

ወይዘሮ ጌታነሽ ማንበብ አይችሉም። ማንበብ አለመቻላቸው ግን በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣውን መጽሔት ከመጠበቅ አላገዳቸውም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መምህርት ምስክር መጽሔቱን በብብቷ ሸጉጣ መንዝ ውስጥ፣ ዘመሮ ዳር ካለው ቤታቸው ብቅ ትላለች፤ የጎረቤት ሴቶች መደብ መደቡን ይይዛሉ፤ ወይዘሮ ጌታነሽም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «በይ እስቲ፣ ያቺ ቀባጣሪ ዛሬ ደግሞ ምን አለች?» ይላሉ። ቀባጣሪዋ የገዛ ልጃቸው ጽናት ናት። በቴሌቪዥን ምግብ የምትሠራው፣ በመጽሔቱም ላይ «ከቀመስኩት» የሚል ገጽ ያላት ጽናት። አገር ያወቃት፣ በየመንገዱ ፎቶ አብረን እንነሳ የምትባል፣ እናቷ ግን አሁንም «ሽሮ አሳራሪዋ» እያሉ የሚስቁባት ጽናት።

እንግዲህ ከእለታት በአንዱ ቅዳሜ፣ የካቲት እንደገባ፣ ምስክር ገጹን ገለጠችና ማንበብ ጀመረች። ርእሱ «በእማማ አሚናት ቤት የበላሁት» ይላል። ጽናት ዓለም ከተማ ሄዳ፣ ቅመም ነጋዴ ቤት ተጋብዛ፣ የበግ አልጫ በልታ ኖሯል። ሽንኩርቱ እንዴት እንደሚበስል፣ ኮረሪማው መቼ እንደሚገባ ዘርዝራ ጽፋለች። ሴቶቹ ምራቃቸውን እየዋጡ ሰሙ። ከዚያ የምስክር ድምፅ ቀነሰ። «ክርስቲያንና ሙስሊም ለየብቻ የሚበላውን ሥጋ እኔና የቤቱ ልጅ ከአንድ ሰሃን በላነው። እሱ አጎረሰኝ፤ እኔም አጎረስኩት። አልጸጸትም» ይላል መጨረሻው።

አንዷ ሴትዮ «ውይ!» ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። ወይዘሮ ጌታነሽ «ድገሚልኝ እስቲ» አሉ። ምስክር ደገመችላቸው።

የዚህን አገር ሰው የሚያውቅ ያውቀዋል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በጉርብትና ይኖራል፣ ለቅሶ ይደራረሳል፣ በሠርግ ይጠራራል፤ ሥጋው ላይ ሲደርስ ግን ክርስቲያኑ በክርስቲያን እጅ የታረደውን፣ ሙስሊሙም በሙስሊም እጅ የታረደውን ይበላል። ተጠላልቶ አይደለም። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንዲህ ሆኖ ኖረ፤ ድንበሩን ያለፈ ደግሞ ሃይማኖቱን እንደተወ ይቆጠራል። ያን ዕለት ሴቶቹ አንድ በአንድ ተነስተው ሲወጡ፣ የሳምንት ሰው ይበለን ያለ አልነበረም።

ጽናት ይህን ሁሉ የሰማችው በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ፣ ለቅበላ እናቷ ዘንድ ስትመጣ ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ሊገቡ ነው፤ እናም ሁለቱም ጾሞች ሳይገቡ እሁድ የዚያ የቤቱ ልጅ፣ የዓብዱልቃድር አባት ለሽምግልና ሊመጡ ቀን ተቆርጧል። ልጅቱ ደስታዋን በሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው ማለት ይቻላል። እናቷ ግን አልሳሟትም። በሩ ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሷ አይዋት።

«እናትሽ ሞታለች ብለሽ ነው እንዴ የጻፍሽው?» አሏት።

«እማዬ ምነው?»

«ምስክር ሁለቴ ነው ያነበበችልኝ። ሁለቴ! ሰው ሰብስቤ፣ ልጄ እንዲህ አለች ልል፣ ልኮራ ተቀምጬ… ኧረ በሕግ አምላክ ጽናት! ለኔ እንኳ ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?»

«ያልቀመስኩትን አልጽፍም፤ የቀመስኩትን ደግሞ አልደብቅም። ለአንባቢዎቼ ቃል የገባሁት ይህንን ነው።»

«ለአንባቢዎችሽ!» አሉ ወይዘሮ ጌታነሽ። «እኔስ? እኔ ምንሽ ነኝ?»

ጽናት ጓዳ ገብታ ልታግዛቸው ስትል ድስቱን በእጃቸው ከለከሏት። ለአገር ሁሉ የምታበስል ተብላ የተወደሰች ልጅ፣ በእናቷ ጓዳ ማማሰያ እንዳትነካ ተደረገች። ሲመሽ እናቷ ቁርጡን ነገሯት።

«ሰዎቹ ይምጡ፤ ከደጄ እንግዳ አልመልስም። የነፍስ አባታችን ቄስ መርስዔ ኃዘንም ይኖራሉ። በእሳቸው ፊት ‘ምን ሥጋ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር’ በይ። ንስሐ ገብተሽ ጸበል ትረጪና ያልቃል። ልጁንም ቢሆን፣ በሃይማኖትሽ ካልመጣብሽ፣ መርቄ እሰጥሻለሁ። አውቄ ነው ካልሽ ግን እኔ ልጅ የለኝም። ተናግሬያለሁ።»

ጽናት በዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ዓብዱልቃድርን በእናቷ ምርቃት ማግባት። አሁን አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትናገር ሁለቱንም ልታገኝ ነው። ዐረፍተ ነገሯ ግን ውሸት ናት። ጽናት ያን ሥጋ ስትበላ የማን መሆኑን አውቃለሁ ብላ ነበር የበላችው።

*

ነገሩ የተጀመረው በደብዳቤ ነው። ለጽናት በየሳምንቱ ብዙ ደብዳቤ ይመጣላታል፤ ዳቦ እምቢ ያላት፣ ባሏ ጨው የከለከላት፣ የሞተች እናቷን ወጥ ጣዕም ማግኘት ያቃታት፣ ሁሉም ይጽፍላታል። ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ከነዚያ መካከል አንዱን ከፈተችና ሳቀች።

«ለእህቴ ለጽናት፦ ባለፈው እሁድ ኮረሪማውን ከሽንኩርቱ ጋር ስታቁላይው አየሁሽ። የቅመም ነጋዴ ልጅ ነኝና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ኮረሪማ ምን በደለሽ? ድስቱ ሊወጣ ሲል ነው የሚገባው። ተቆጣሁ እንጂ አልጠላሁሽም። ዓብዱልቃድር ይማም፣ ከዓለም ከተማ።»

በገጿ ላይ «ለዓለም ከተማው ተቆጪ» ብላ መለሰችለት። እሱም ጻፈ፤ እሷም መለሰች። ኋላ ስልክ ተለዋወጡ፤ ደብዳቤውን ግን አልተዉትም። በስልክ የሚያፍርበትን ሁሉ በወረቀት ይደፍረው ነበር። ወረቀቱ ከሱቁ ስለሚመጣ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይላል። ጽናት ቢሮ ውስጥ ሰው እንዳያያት እያጮለቀች ታሸተው ነበር። እንዲህ ያደርጋል እንግዲህ ፍቅር ሲይዝ!

ጥር ላይ፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ካሜራ ሳትይዝ ብቻዋን ዓለም ከተማ ሄደች። አባትየው ሐጂ ይማም ያን ሰሞን ዕቃ ሊያመጡ አዲስ አበባ ነበሩ። እናትየው እማማ አሚናት አልጫውን በሰፊ ሰሃን አድርገው አቀረቡ። ራሳቸው ግን አልቀረቡም። «ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ ልጄ፤ አንቺ ብዪ» አሉና ራቅ ብለው ተቀመጡ። ዓብዱልቃድር እጁን ታጥቦ ቆመ። ሰሃኑን አየ። እናቱን አየ። እናቱም አዩት። ከዚያ መጣና ከጽናት ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ «ቢስሚላህ» ብሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቀለለ፤ ወደ አፏም ዘረጋላት።

ይህ የማን እርድ ነው ብሎ ጋባዥን መጠየቅ ነውር ነው። ደግሞስ ምን ያጠያይቃል? ዓብዱልቃድር ከበላው የእነሱ ነዋ! ጽናት እናቷ በዓይኗ ውል እያሉባት፣ አፏን ከፈተች። ዓይኑን እያየች ጎረሰች። ስለ እሱ ድንበር ማለፏ ነበር፤ ደስ አላት።

*

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዓለም ከተማ የመጣው አውቶቡስ ሹፌር እቤት ድረስ መጥቶ ፖስታ ሰጣት። ትናንት ማታ እናቷ ያሉትን ለዓብዱልቃድር በስልክ ነግራው ነበር፤ እሱ ግን ሰምቶ፣ «ነገ ደብዳቤ ይደርስሻል» ብቻ ነበር ያለው። ከጓሮ ከገብሱ ክምር ጥግ ቁጭ ብላ ከፈተችው።

«ጽናቴ፣

ገጽሽን ካነበብኩ ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልደብቅሽ ነበር፤ አሁን ግን እናትሽን ልታጪ ነውና አልችልም። ያ በግ በእኛ እጅ አልታረደም። እናቴ አንቺ እንደምትመጪ ስትሰማ የበር ጎረቤታችንን ጋሽ ኪዳነ ወልድን ቤቱ ሄዳ ለመነችው። ‘የሰው ልጅ ቤቴ መጥታ አትቸገርብኝ’ አለች። እሱም በስመ አብ ብሎ አረደው። ድስቱም ሰሃኑም ሳይቀር ከእሱ ቤት የመጣ ነው። እናቴ ያልበላችው ለዚህ ነው። ለአንቺ መንገር ደግሞ አፈረች፤ ተንከባከብኩሽ ብሎ ማስቆጠር መሰላት።

እኔም መብላት አልነበረብኝም። ብቻሽን ልትበዪ ስትቀመጪ አየሁና አቃተኝ። እናቴ አየችኝ፤ ዝም አለች። ስለዚህ አንቺ ምንም አልበላሽም ጽናት። የበላሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ይህን አያውቅም። ጽሑፍሽን ካነበበ ወዲህ ‘የቤቴን ሥጋ ያልተጠየፈች ልጅ ልጄ ናት’ እያለ ለሰው ሁሉ ያወራል፤ ሽምግልናውንም እሺ ያለው ለዚያ ነው። እውነቱን ሲሰማ እኔን ከቤት ያስወጣኛል፤ እናቴንም እያየሽ ዝም ብለሻል ብሎ የሚያደርጋትን አላህ ያውቃል። ቢሆንም ይሁን። እሁድ በእናትሽ ፊት እኔው እናገራለሁ። አንቺ አፍሽን እንዳትከፍቺ። ዓብዱ።»

መጀመሪያ ሳቀች። እውነት ነው፣ ሳቀች! ምንም አልበላሁም፣ እናቴ ትስመኛለች ብላ እንደ ልጅ ዘለለች። ደብዳቤውን ሁለተኛ ስታነበው ግን መልሳ ቁጭ አለች። እሷ ድንበር አለፍኩ ብላ አገር ምድሩን አስደነቀች፤ ድንበር ያለፈው እሱ ነበር። ዝም ብሎ፣ ሳያስቆጥርባት፣ አውቆ። እንዲህ የሚወዳት ሰው እንዳለ አታውቅም ነበር። እማማ አሚናትም አፍረው ጎረቤት ደጅ ቆመው ሲለምኑ በዓይነ ኅሊናዋ መጡባት። እውነቱ ከወጣ እሷ ትድናለች፤ እነሱ ይጠፋሉ። እንዲናገር ፈለገች። እንዳይናገርም ጸለየች። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ስትዋዥቅ ዋለች።

*

በሽምግልና ላይ ጠያቂው ራሱ አይመጣም፤ ያ የአገሩ ደንብ ነው። ዓብዱልቃድር ግን መኪናውን የምነዳው እኔ ነኝ በሚል ሰበብ መጣ። ሐጂ ይማም ከአንድ ጓደኛቸው ሽማግሌ ጋር ከፊት ገቡ፤ እሱ ከኋላ። ሌሊት ተነስተው ያንን ኮረኮንች ሲወርዱ ሲወጡ የመጡ ሰዎች ናቸውና ልብሳቸው አቧራ ለብሷል። ወይዘሮ ጌታነሽ አዲስ ብርጭቆ አስገዝተው ሻይ ቀዱላቸው፤ የገብስ ቆሎና ዳቦ አቀረቡ። ቆሎና ዳቦ ማንንም ከማንም አይለይምና ቄስ መርስዔ ኃዘንም ሐጂም ከአንድ ሰፌድ ዘገኑ። ጽናት በጓዳው በር አጠገብ ቆማ ነበር። ዓብዱልቃድር ሲገባ አያት። ዓይኑ ቀይ ሆኗል። ራሱን በትንሹ ነቀነቀላት፤ አይዞሽ ማለቱ ነው።

ሐጂ ይማም ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ።

«እህቴ ወይዘሮ ጌታነሽ፣ ልጅ ልንጠይቅ ነው የመጣነው። መጀመሪያ ልቤ አልወደደም ነበር፤ ፊት ለፊት ልናገር። ሃይማኖታችን ይለያያል፣ አገሩም ሩቅ ነው፣ እሷም የቴሌቪዥን ሰው ናት። ኋላ የጻፈችውን ሳነብ አለቀስኩ። ሱቄ የመጣ ሁሉ ‘ሐጂ፣ የእናንተን ማዕድ እንዴት አከበረችው!’ ይለኛል። በሃይማኖቷ ትኑር፤ እኔ አልነካባትም። የቤቴን ሥጋ ያልተጠየፈች ልጅ ልጄ ናት።»

ወይዘሮ ጌታነሽ የሐጂን ፊት አዩ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«እንግዲህ አባ፣ እርስዎ ይጠይቋት» አሉ።

ቄስ መርስዔ ኃዘን ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን ለስለስ አድርገው፣ «ልጄ ጽናት፣ በወረቀት ያልሽውን ሰምተናል። ከአፍሽ እንስማው። ያ ሥጋ የማን እርድ ነበር? ስትበዪስ ታውቂ ነበር?» አሏት።

ጽናት ዓብዱልቃድርን አየችው። እናገራለሁ ብሏል። ብርጭቆውን አስቀመጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። ሐጂ ይማም ልጃቸው ሊናገር መሆኑን አይተው በኩራት ፈገግ አሉ፤ እጃቸውንም ጉልበቱ ላይ ጣል አደረጉ። ዓብዱልቃድር ያንን እጅ አየው። እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። ጽናት አላስቻላትም። ይህ ሰው ዓይኗ እያየ ሲሰበር ልታይ ነው፤ ደጓ እማማ አሚናትም በሌሉበት ሊሰበሩ ነው። አፏ ከልቧ ቀደመ።

«የእነሱ ነበር አባ» አለች። «አውቄ ነው የበላሁት።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ልጃቸውን አላዩም፤ ዓብዱልቃድርን ነው ያዩት።

«አንተ ልጅ» አሉት፤ «ቀና በልና እየኝ። እናት ነኝ፤ እንዳትዋሸኝ። ልጄ ያለችው እውነት ነው? ሥጋው የእናንተ ነበር?»

በል አሁን፣ አለች ጽናት በልቧ። እኔ ዋሽቼልሃለሁ፤ አንተ አስተባብልብኝ። አንዲት ቃል ጀምርና እኔ ሮጬ አፍህን ልያዝ። ጀምራት ብቻ።

ዓብዱልቃድር ቀና አላለም።

«አዎ እማማ» አለ። «የእኛ ነበር።»

ጽናት የጓዳውን በር ያዘች። ማንም አላያትም። ከውስጧ አንድ ነገር በጸጥታ ወጥቶ ሲሄድ ተሰማት፤ የት እንደሄደ አታውቅም።

ወይዘሮ ጌታነሽ ነጠላቸውን አጠበቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ሐጂ፣ አክብራችሁኝ መጥታችኋል። አግዜር ያክብራችሁ። እንግድነታችሁ በራሴ ላይ ነው። ሳታውቅ ቢሆን ኖሮ መርቄ እሰጣችሁ ነበር፤ ቄሱ ምስክሬ ናቸው። አውቃ ከሆነ ግን እኔን ጥላ የሄደችው ያን ቀን ነው። የሌለችኝን ልጅ ምን ብዬ ልስጣችሁ?»

*

መኪናው አጠገብ ዓብዱልቃድር ከሽማግሌዎቹ ተነጥሎ ወደ አጥሩ መጣ። ጽናት እዚያ ቆማለች። የመንዝ ንፋስ ነጠላዋን እየገፈፈ ያስቸግራታል።

«ጽናት፣ ቀደምሽኝ እኮ! ልናገር አፌን ስከፍት ቀደምሽኝ» አላት።

«ቀድሜሃለሁ። እናቴ ግን ደግማ ጠየቀችህ።»

«አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ! እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ! እናቴን ዕድሜዋን ሙሉ…»

«አውቃለሁ ዓብዱ። ለዚያ ነው የዋሸሁት። እንድትናገር ፈልጌ አይደለም።»

«ታዲያ ምን ፈልገሽ ነው?» አለ። ድምፁ ተሰነጠቀ።

«እንድትጀምር» አለችው። «አንዲት ቃል እንድትጀምርና እኔ እንዳስቆምህ። ተዘጋጅቼ ነበር እኮ። ልጮህ፣ አፍህን ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር። አንተ ግን የማስቆመው ነገር አልሰጠኸኝም።»

እጇን ሊይዝ ዘረጋ። አልከለከለችውም፤ እጇ ግን እጁ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

«ነይ አብረሽኝ» አላት። «እናትሽ ከለከለችን እንጂ አባቴ ተቀብሎሻል። አዲስ አበባ እንኖራለን። ቀስ ብሎ…»

«አባትህ የተቀበሉት የቤታቸውን ሥጋ የበላችውን ልጅ ነው። እኔ አልበላሁም። ፊታቸው በተቀመጥኩ ቁጥር፣ በመረቁኝ ቁጥር፣ ስዋሻቸው ልኑር? አንተስ ከጎኔ ተቀምጠህ አዎ እያልክ ልትኖር ነው?»

ዓብዱልቃድር አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት ከባድ ነው፤ የሚወዱት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ጽናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን ጠረገችለት። ትወደው ነበር። ይህን ደብቀን አናልፈውም፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ትወደው ነበር። መኪናው ውስጥ ካሉት አንዱ ጥሩምባ ነፋ።

«ሂድ» አለችው። «እማማ አሚናትን ሳምልኝ። እንደማውቅ ግን እንዳትነግራቸው። ያፍራሉ።»

አቧራው እስኪጠፋ ቆማ አየች፤ ከጠፋም በኋላ እዚያው ቆየች።

ወደ ቤት ስትመለስ ወይዘሮ ጌታነሽ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ቄሱ ሄደዋል። ቆሎው ከነሰፌዱ እንዳለ ነው።

«ያ ልጅ ሲመልስልኝ መሬት መሬት ነበር የሚያየው» አሉ እናቷ።

«አይቻለሁ እማዬ።»

«እውነት የሚናገር ሰው መሬት አያይም። ነይ ወደዚህ። ማንም የለም፤ እኔና አንቺ ብቻ ነን።» ድምፃቸው ከሁለት ቀን በኋላ የእናት ድምፅ ሆነ። «የደበቅሽኝ ነገር አለ። ሌላ ነገር ካለ አሁን ንገሪኝ። አንዲት ቃል ንገሪኝና እቅፍ ላድርግሽ። ጠላሁሽ እንዴ? ልቤ ቆስሎ እኮ ነው ልጄ።»

ኧረ እንዴት ያለ ፈተና ነው! ደብዳቤው በደረቷ ውስጥ ነው። ታውጣው፣ ምስክርን ትጥራ፣ ታስነብብ፤ ነገ ጠዋት በእናቷ ጓዳ ቁጭ ብላ እየተሳቀባት ሽንኩርት ትልጣለች። እሱም ቢሆን ሄዷል፤ ምን ዕዳ አለባት? ጽናት አፏን ከፈተች። እማማ አሚናት ትዝ አሏት። የማያውቋትን የሰው ልጅ ሃይማኖት እንዳይነኩ ብለው ደጅ የጠኑ ሴት፣ በእሷ ጽሑፍ ተከብረው፣ በልጃቸው ደብዳቤ ሊዋረዱ። ምስክር ያነበበችውን ዘመሮ ይሰማል፤ ዘመሮ የሰማውን ገበያተኛው ዓለም ከተማ ያደርሰዋል።

«ሌላ ነገር የለም እማዬ» አለች። «አውቄ ነው።»

ወይዘሮ ጌታነሽ ሊያቅፏት የዘረጉትን እጃቸውን ቀስ ብለው ሰበሰቡ። ግድግዳውን ይዘው ተነሱና ጓዳ ገቡ። ሳግ ተሰማ። ጽናት ልትገባ ተነሳች፤ በሩ ላይ ግን ደግማ መዋሸት እንደማትችል ገባትና ተመለሰች።

*

ሰኞ፣ የሁዳዴ መጀመሪያ ቀን፣ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረች። እናቷ አልሸኟትም። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ እግር ሴት ሰርቃ ሰርቃ ካየቻት በኋላ ዓይኗ በራ።

«ጽናት አይደለሽም? የቴሌቪዥኗ! ወይኔ፣ ሰው አያምነኝም!» አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያንን የዓለም ከተማውን ጽሑፍሽን አንብቤዋለሁ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ባሌ ሙስሊም ነው። ስድስት ዓመት በትዳር ስንኖር ሥጋ ባለበት ቀን ለየብቻ ነው የምንበላው። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ‘አቦ ተይኝ፣ የመጽሔት ወሬ ነው፤ ማን ወንድ እንዲህ ያደርጋል?’ አለኝ። ተከራከርን። እስቲ አንቺው ንገሪኝ፤ ሰውየው እውነት አብሮሽ በላ?»

ጽናት ከትናንት ወዲህ የዋሸችውን ሁሉ አሰበች። ለዚህች ሴት ግን መዋሸት አላስፈለጋትም። ያ ሰሃን፣ ያ የቆመ ሰው፣ እናቱን አይቶ፣ ሁሉን አውቆ፣ መጥቶ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰው፣ እውነት ነበር። እሁድ «አዎ» ያለውም ያው ሰው ነው። ሁለቱን ማስታረቅ አቃታት፤ አንዱን ብቻ መርጣ ማልቀስም አልቻለችም።

«በልቷል» አለች። «ንገሪው ለባልሽ። ያን ቀን በልቷል።»

ሴትዮዋ እዚያ ለሌለው ባሏ «አላልኩህም!» ብላ በደስታ አጨበጨበች። ከዚያ ዞር ስትል ጽናት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስታለቅስ አየችና ደነገጠች። ምን እንዳጠፋች አልገባትም። ምንም ሳትጠይቅ ክንዷን በትከሻዋ ላይ አደረገችላት፤ ጽናትም በማታውቃት አንባቢዋ ትከሻ ላይ ሆና፣ ከቤቷ የያዘችውን ልቅሶ ሁሉ አለቀሰችው።